የአሜሪካ መንግስት ለገበሬ የሚከፍለውን ድጎማ ማን እንደወሰደው በስም እንዴት ይገኛል

በፈረንጅ 2019 ጥቅምት ላይ ነው፣ ሆፐር (የእህል ተጎታች) እየጎተትኩ አዮዋ ውስጥ አንድ የእህል ኤሌቬተር (እህል መረከቢያና ማከማቻ) በር ላይ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ፣ የመኸር ሰአት ስለሆነ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወርደው ወሬ ጀመርን። ቻይና 2018 ላይ በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ታሪፍ ከጫነች ወዲህ ዋጋው ወርዶ ነበርና ታዲያ እንዴት ይዟችኋል አልኳቸው። ዘንድሮ ያወጣኝ እህሉ ሳይሆን ከዋሽንግተን የመጣው ቼክ ነው አሉኝ፣ ምንም ሳይደብቁ። ከዛ ደሞ ስንት እንደወሰድኩ ማወቅ ከፈለግክ ስሜን ኢንተርኔት ላይ ጻፈው ይወጣልሃል አሉኝ።

ማታ ትራክ ስቶፕ ላይ ጻፍኩት። ወጣ። አመት በአመት፣ ፕሮግራም በፕሮግራም።

እኔ ያደግኩበት ቀበሌ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ህዝብ ተሰብስቦ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፣ እገሌማ ሁለት በሬ አለው እንዴት ይገባል የሚል ሰው ይነሳል፣ እሷ እኮ ባሏ ሞቶ ምንም የላትም ለምን ቀረች የሚል ይነሳል፣ ጭቅጭቁ ብዙ ነው ግን ሁሉም ሰው ማን እንደገባ ያውቃል። እዚህ አገር ደሞ ያው ነገር በቢሊዮን ዶላር ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ተለጥፏል፣ እኛ ግን ታክስ እየከፈልን አንድ ቀን ከፍተን አናየውም። የነሱ ጉዳይ ነው ብለን ነው መሰለኝ። ከየፔይቼካችን እየተቆረጠ እስከሆነ ድረስ የኛም ጉዳይ ነው፣ ስለዚ እኔ ባለፉት አመታት በመንገድ ላይ እረፍት ሳገኝ እያየሁ የተማርኩትን አሰራር ከነስህተቴ ልጻፍላችሁ። ኢኮኖሚስትም ጠበቃም መሆን አያስፈልግም፣ ስልክ ይበቃል፣ ደረጃ 3 ላይ ብቻ ላፕቶፕ ቢኖራችሁ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ድጎማ ሲባል የትኛው ገንዘብ እንደሆነ ለዩ

ይሄን ሳታውቁ ስም ፍለጋ ከገባችሁ ትሳሳታላችሁ፣ ምክንያቱም ድጎማ የሚባለው አንድ ቼክ አይደለም፣ ብዙ አይነት ነው፣ የያንዳንዱም ህግ ለየቅል ነው።

መጀመሪያ የሚነሱት ኤአርሲ እና ፒኤልሲ የሚባሉት ናቸው። ፒኤልሲ የእህሉ ዋጋ ህግ ላይ ከተቀመጠው ዋጋ በታች ሲወርድ ልዩነቱን ይከፍላል፣ ኤአርሲ ደሞ በአብዛኛው የካውንቲው (ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው) የሰብል ገቢ ከወትሮው ሲቀንስ ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ክፍያው የሚሰላው ቤዝ ኤከር በሚባል ነገር ነው፣ ማለትም መሬቱ ድሮ ምን ይዘራበት እንደነበር በተመዘገበው መሰረት ነው፣ ዘንድሮ በተዘራው አይደለም። ስለዚ የበቆሎ ቤዝ ያለው መሬት ላይ ዘንድሮ አኩሪ አተር የዘራ ሰው የበቆሎ ክፍያ ስሙ ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ያ ማጭበርበር አይደለም ህጉ እንደዛ ስለሆነ ነው። ህጉ ልክ ነው ወይ ካላችሁኝ እኔ ልክ አይመስለኝም፣ ግን ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም።

ደሞ በዚህ ውስጥ የሚገቡት ሰብሎች ተቆጥረው የተቀመጡ ናቸው፦ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጥጥ፣ ሩዝ፣ ለውዝ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ደረቅ አተር እና ሌሎች የቅባት እህሎች። ጤፍ የለም። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት ከተጀመረ ብዙ አመት ሆኖታል፣ የምንበላው እንጀራ ከዛ የሚመጣም አለ፣ ግን እዛ ዝርዝር ላይ የለም። አትክልትና ፍራፍሬም እንደዛው።

ሁለተኛው የጥበቃ ገንዘብ ነው። ሲአርፒ የሚባለው ከ1985 ጀምሮ ያለ ሲሆን ገበሬው መሬቱን ሳያርስ ሳር ወይም ዛፍ እንዲያበቅልበት መንግስት ከ10 እስከ 15 አመት ኪራይ ይከፍለዋል፣ በሰው በአመት 50,000 ዶላር ነው ጣሪያው። እዚህ ውስጥ ገበሬ ያልሆኑ የመሬት ባለቤቶችን በብዛት ታያላችሁ። ኢኪውአይፒ የሚባለው ደሞ ለመስኖ ለአጥር ለፕላስቲክ ቤት ምናምን ወጪ የሚጋራ ነው፣ ወደሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሶስተኛው ድንገተኛ ገንዘብ ነው፣ ድርቅ፣ ጎርፍ፣ የንግድ ጦርነት ሲመጣ የሚታወጅ። የሽማግሌው ቼክ ከዚህ ነበር፣ ኤምኤፍፒ ይባላል፣ በ2018 እና በ2019 ሁለቱ ተደምሮ 23 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ተከፍሏል። 2020 ላይ የኮሮናው ሲኤፍኤፒ መጣ። በ2024 መጨረሻም ኮንግረስ 10 ቢሊዮን ዶላር ለገበሬዎች የኢኮኖሚ ድጋፍ ብሎ አጽድቋል።

አራተኛው የሰብል ኢንሹራንስ ነው፣ ለሱ ለብቻው ቦታ ሰጥቼዋለሁ ምክንያቱም ትልቁ ቀዳዳ እዛ ነው።

ደረጃ 2፦ ከስልካችሁ ላይ መጀመሪያ ስም ፈልጉ

ኢንቫይሮንመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የሚባል ድርጅት አለ፣ ባጭሩ ኢደብሊውጂ። እነዚህ ሰዎች ከዩኤስዲኤ (የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር) በፎያ (መረጃ የመጠየቅ ህግ ነው፣ ደረጃ 6 ላይ አለ) መዝገቡን እያወጡ ከ1995 ጀምሮ ያለውን ክፍያ አንድ ላይ ሰብስበው 2001 ላይ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። አድራሻው ፋርም ዶት ኢደብሊውጂ ዶት ኦርግ ነው፣ በነጻ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም።

ገብታችሁ በስም፣ በዚፕ ኮድ፣ ወይም ስቴት መርጣችሁ ከዛ ካውንቲ መርጣችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። እኔ የምመክረው በስም አትጀምሩ፣ ከካውንቲ ጀምሩ። የምትኖሩበትን ወይም ሎድ የምታነሱበትን ካውንቲ ክፈቱ፣ በጠቅላላው ስንት እንደገባ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደገባ እዩ፣ ከዛ ከላይ ወደታች በብዛት የወሰዱትን ዝርዝር ክፈቱ። በስም ከጀመራችሁ የምታውቁትን ሰው ብቻ ነው የምታዩት፣ ያ ደሞ ሀሜት እንጂ መረጃ አይሆንም። ከካውንቲ ስትጀምሩ ግን ገንዘቡ እንዴት እንደተከፋፈለ ይታያችኋል፣ ጥቂት ስሞች ላይ ሲከመርና የቀረው ሰው በመቶ ዶላር ቤት ሲያገኝ ታያላችሁ።

አንድ ነገር እወቁ፣ ኢደብሊውጂ አቋም ያለው ድርጅት ነው፣ የድጎማው ስርአት እንዲቀየር ይከራከራል። ቁጥሩ ከመንግስት የመጣ ነው፣ አጻጻፉና ርእሱ ግን የነሱ ነው። ስለዚ ከሱ ጀምሩ እንጂ በሱ አትጨርሱ።

ደረጃ 3፦ ዋናውን ፋይል ከራሱ ከመንግስት አውርዱ

ክፍያውን የሚፈጽመው የዩኤስዲኤ ክፍል ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ይባላል፣ ኤፍኤስኤ። የኤፍኤስኤ ዌብሳይት ላይ የፎያ ገጽ ውስጥ ግቡ፣ እዛ ብዙ ሰው የሚጠይቃቸው መረጃዎች በሚለው ስር የክፍያ ፋይሎች አሉ። በአመት ተከፋፍለው በኤክሴል ነው የተቀመጡት፣ ትልልቅ ናቸው፣ በስልክ አትሞክሩት።

ስትከፍቱት በያንዳንዱ መስመር ላይ ስቴት፣ ካውንቲ፣ የተከፋዩ ስም፣ አድራሻ፣ ከተማ፣ ዚፕ ኮድ፣ የተከፈለው ብር፣ የተከፈለበት ቀን፣ የፕሮግራሙ ስምና የፕሮግራሙ አመት ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ካውንቲውን ፊልተር አድርጉ፣ ከዛ ፒቮት ቴብል (ኤክሴል ውስጥ ድምር የሚያወጣ ሰንጠረዥ) ሰርታችሁ ስሙን በመስመር፣ ፕሮግራሙን በአምድ፣ ብሩን ድምር አድርጉት። ፒቮት ቴብል የማይችል ሰው ዩቲዩብ ላይ በአማርኛም አለ፣ አንድ ማታ ይፈጃል ከዛ በኋላ ለሁሉም ነገር ይጠቅማችኋል።

እዚህ ላይ ሶስት ቦታ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ቀኑ ነው። የኤአርሲና የፒኤልሲ ክፍያ እህሉ በተዘራበት አመት አይመጣም፣ ለምሳሌ የ2023 ሰብል ክፍያ የሚለቀቀው ከጥቅምት 2024 በኋላ ነው። ስለዚ የፕሮግራሙ አመትና የተከፈለበት አመት አንድ አይደሉም፣ ሁለቱን ካደባለቃችሁ ሰውየው በአንድ አመት እጥፍ የወሰደ ይመስላል። ሁለተኛው ካውንቲ የሚለው ነው፣ እሱ የእርሻውን መዝገብ የሚይዘው ቢሮ ያለበት ካውንቲ እንጂ ሰውየው የሚኖርበት አይደለም፣ መኖሪያው ከፈለጋችሁ አድራሻው ጋ ነው ያለው፣ እርሻው ካንሳስ ሆኖ ፖስታው ፍሎሪዳ የሚሄድ ብዙ አለ። ሶስተኛው ኔጌቲቭ የሆነ ቁጥር ካያችሁ ስህተት ነው ብላችሁ አታጥፉት፣ የተመለሰ ወይም የተስተካከለ ገንዘብ ነው፣ ድምሩ ውስጥ ይግባ።

ዩኤስኤስፔንዲንግ የሚባለው የመንግስት ሳይትም አለ፣ በ2006 ህግ የተቋቋመ። ለኮንትራትና ለትልልቅ ግራንት በጣም ጥሩ ነው፣ ለገበሬ ግን ብዙ ጊዜ የግለሰቡን ስም አያሳይም፣ በካውንቲ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። ጠቅላላ ብር ለማመሳከር ተጠቀሙበት፣ ለስም አትድከሙ።

ደረጃ 4፦ ስሙን ማንበብ ተማሩ

ይሄ ነው ከሁሉም የሚከብደው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የእርሻ ስም ላይ በአንድ አመት ከ800,000 ዶላር በላይ አየሁና ስክሪንሾት አድርጌ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት፣ አንድ ሰው ይሄን ሁሉ በላ ብዬ ጻፍኩበት። ሰው ሁሉ ተናደደ፣ ተቀባበለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አጣርቼ ሳየው ሸርክና ነበር፣ ወንድማማቾችና ልጆቻቸው ሰባት ሆነው የሚሰሩት እርሻ። ለያንዳንዳቸው ስታካፍሉት ከጣሪያው በታች ነው። ማስተካከያ ጻፍኩ፣ ግን የመጀመሪያውን የተቀባበለው ሰው ማስተካከያውን አላየውም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚ ህጉን እወቁ። በ2018ቱ የእርሻ ህግ ለኤአርሲና ለፒኤልሲ አንድ ሰው በአመት ሊወስድ የሚችለው 125,000 ዶላር ነበር፣ 2025 ላይ በወጣው ህግ ወደ 155,000 ከፍ ብሏል። ባልና ሚስት ሁለቱም በየራሳቸው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ጀነራል ፓርትነርሺፕ የሚባል ሸርክና ከሆነ ደሞ በአባላቱ ቁጥር ይባዛል፣ አስር አባል ያለው አስር ጣሪያ አለው። አባል ለመሆን ሰውየው እርሻው ውስጥ በጉልበት ወይም በማስተዳደር መሳተፍ አለበት ይላል ህጉ፣ ማስተዳደር የሚለው ቃል ግን ሰፊ ነው፣ በስልክ መመካከርም ማስተዳደር ነው የሚል ክርክር ሊነሳበት ይችላል። 2018 ላይ ጭራሽ የቤተሰብ ትርጉሙን አስፍተው የአጎትና የአክስት ልጆችን፣ የወንድምና የእህት ልጆችን ጨመሩበት። በህጋዊ መንገድ ጣሪያው የሚቀደደው በዚህ በኩል ነው፣ ንዴታችሁን ማዋል ያለባችሁም እዚህ ህግ ላይ ነው።

የድርጅት ስም ስታገኙ እንዲህ አድርጉ። የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት (ድርጅቶችን የሚመዘግበው ቢሮ) ዌብሳይት ላይ የቢዝነስ ሰርች አለ፣ በብዙ ስቴት በነጻ ነው፣ ስሙን አስገቡና ኤልኤልሲ ይሁን ኮርፖሬሽን ይሁን፣ መቼ እንደተመዘገበ፣ ወኪሉ ማን እንደሆነ እዩ። አንድ አድራሻ ላይ አምስት ስድስት ኤልኤልሲ ካገኛችሁ ማስታወሻ ያዙ። ጀነራል ፓርትነርሺፕ ግን እዛ ላይመዘገብ ስለሚችል አጣን ብላችሁ የለም አትበሉ። ከዛ የካውንቲው አሴሰር (ለግብር መሬት የሚተምነው ቢሮ) ጋ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ይታያል፣ እሱም ህዝብ የሚያየው መዝገብ ነው።

ኤስቴት የሚል ቃል ያለበት ስም ካያችሁ ብዙ ጊዜ የሞተ ሰው ውርስ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የኮንግረሱ መርማሪ ጂኤኦ በ2007 ባወጣው ሪፖርት ከ1999 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ውስጥ ለ172,801 የሞቱ ሰዎች 1.1 ቢሊዮን ዶላር ተከፍሏል ብሏል፣ ከዛ ውስጥ 40 በመቶው ከሞቱ ሶስት አመትና ከዛ በላይ ለሆናቸው ነው። ሁሉም ህገወጥ አልነበረም፣ ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ መክፈል የሚፈቀድበት መንገድ አለ፣ ግን የሚገባው ማጣራት ሁልጊዜ አይደረግም ነበር። ዝርዝር ስም ህዝብ ፊት መውጣቱ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ደረጃ 5፦ ስሙ የማይገኝበትን ገንዘብ እወቁ

የሰብል ኢንሹራንስ። ገበሬው ኢንሹራንሱን ከግል ድርጅት ነው የሚገዛው፣ ከፕሪሚየሙ (ለኢንሹራንሱ ከሚከፈለው መዋጮ) ውስጥ ግን በአማካይ 62 በመቶ የሚሆነውን መንግስት ይከፍልለታል። ይሄ ገንዘብ ደረጃ 4 ላይ እንዳየነው አይነት ጣሪያ የለውም፣ ገቢው ስንትም የሆነ ሰው ሊያገኘው ይችላል፣ ለኤአርሲና ለፒኤልሲ ግን ገቢው በአማካይ ከ900,000 ዶላር በላይ የሆነ ሰው በመርህ ደረጃ አይፈቀድለትም። ማን እንደወሰደው ደሞ ስሙን መስጠት በህግ ተከልክሏል። ስለዚ ኢደብሊውጂም ላይ ብትሄዱ ኤፍኤስኤ ፋይል ላይም ብትሄዱ በስም አታገኙትም።

የምታገኙት ምንድነው፣ ሪስክ ማኔጅመንት ኤጀንሲ የሚባለው የዩኤስዲኤ ክፍል በካውንቲና በሰብል ጠቅልሎ ያወጣል፣ ሰመሪ ኦፍ ቢዝነስ ይሉታል። ካውንቲያችሁን አስገብታችሁ ስንት ፖሊሲ እንደተሸጠ፣ መንግስት ስንት እንደደጎመ፣ ስንት ካሳ እንደተከፈለ እዩ። ከዛ ከደረጃ 3 ድምራችሁ አጠገብ አስቀምጡት። አንዳንድ ካውንቲ ላይ ስም ካለው ገንዘብ ስም የሌለው ይበልጣል፣ እኔ መጀመሪያ ሳየው ቁጥሩን ያበላሸሁት መስሎኝ እንደገና ሰራሁት። የአንድን ሰው ጠቅላላ ድጎማ አወቅኩ ከማለታችሁ በፊት ይሄ እንደጎደለ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ የጎደለውን በፎያ ጠይቁ

ፎያ የመረጃ ነጻነት ህግ ነው፣ 1966 ላይ የወጣ። አሁን የምነግራችሁን ብዙ ሰው ሲሰማ አያምነኝም፦ ለመጠየቅ ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ህጉ ማንኛውም ሰው ነው የሚለው። ግሪን ካርድ ያለው፣ አሳይለም ላይ ያለ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ያለ ሰው መጠየቅ ይችላል፣ ለምን እንደፈለጋችሁትም መናገር አይጠበቅባችሁም።

ፎያ ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ ኤፍኤስኤን ምረጡ። የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ድጎማ ያላችሁን ሁሉ ስጡኝ የሚል አይነት ነበር፣ በጣም ሰፊ ስለነበር ግልጽ አድርግ ተብሎ ተመለሰልኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ጻፉት (በእንግሊዝኛ ገልብጡት)፦ በመረጃ ነጻነት ህግ መሰረት፣ በዚህ ስቴት በዚህ ካውንቲ ቢሮ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ ፕሮግራም የተፈጸሙ ክፍያዎችን በሙሉ እጠይቃለሁ፤ ለያንዳንዱ ክፍያ የተከፋዩን ስም፣ ከተማና ዚፕ ኮድ፣ መጠን፣ ቀንና የፕሮግራም አመት የያዘ በኤክሴል የተዘጋጀ ፋይል ይላክልኝ፤ ለግል ጥናት እንጂ ለንግድ አይደለም፤ የምትጠይቁኝ የአገልግሎት ክፍያ ከ25 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት አሳውቁኝ። በቃ። ለንግድ ካልሆነ የመጀመሪያው ሁለት ሰአት ፍለጋና 100 ገጽ ነጻ ነው፣ እኔ እስካሁን አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም።

በህጉ በ20 የስራ ቀን መልስ መስጠት አለባቸው፣ በተግባር ይቆያል። የመከታተያ ቁጥራችሁን ያዙ፣ በየወሩ በትህትና ኢሜይል አድርጉ። በትህትና ያልኩት በምክንያት ነው፣ እዛ የሚሰራው ሰው ከብዙ ጥያቄ ጋር የሚታገል ሰራተኛ ነው።

ከከለከሏችሁ ምክንያቱን በጽሁፍ ይሰጧችኋል። የ2008ቱ የእርሻ ህግ ክፍል 1619 የሚል ካያችሁ አትደንግጡ። ያ ክፍል ገበሬው ስለ እርሻውና ስለ መሬቱ ለመንግስት የሰጠውን መረጃና የካርታ መረጃውን ይከለክላል፣ ነገር ግን እዛው ክፍል ውስጥ የክፍያ መረጃና የተከፋዮች ስምና አድራሻ ከዚህ ክልከላ ውጪ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ይሄን ጠቅሳችሁ ይግባኝ በሉ፣ ለይግባኝ ቢያንስ 90 ቀን አላችሁ። ግላዊነት ነው ካሏችሁ ደሞ 1996 ላይ የዋሽንግተን ፌደራል ፍርድ ቤት በዋሽንግተን ፖስትና በዩኤስዲኤ ክርክር የጥጥ ድጎማ የወሰዱ ሰዎች ስም እንዲወጣ መወሰኑን አንሱ። ይግባኙም ካልሰራ ናሽናል አርካይቭስ ውስጥ ኦጂስ የሚባል አሸማጋይ ቢሮ አለ፣ በነጻ ያስታርቃል።

አውሮፓ ላላችሁ ደሞ ባጭሩ፣ የአውሮፓ ህብረት አገሮች ሁሉ የእርሻ ድጎማ ተቀባዮችን በየአገራቸው ዌብሳይት የማውጣት ግዴታ አለባቸው። 2010 ላይ የህብረቱ ፍርድ ቤት የግለሰቦች ስም እንዲህ በጅምላ መውጣቱ ልክ አይደለም ብሎ አስቁሞት ነበር፣ 2013 ላይ በወጣ ህግ ተመለሰ፣ አሁን በአመት ከ1,250 ዩሮ በላይ የወሰደ ሰው ስሙ ይወጣል። ግን መረጃው ሁለት አመት ብቻ ቆይቶ ይነሳል፣ ስለዚ ጀርመንም ሆነ ስዊድን ያላችሁ ዛሬውኑ ዳውንሎድ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አገር ቤት ላላችሁም አዋጅ 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፣ መስሪያ ቤቱ ከከለከላችሁ አቤቱታው ወደ እንባ ጠባቂ ነው የሚሄደው።

ደረጃ 7፦ ከመለጠፋችሁ በፊት

የግለሰብ አድራሻ አትለጥፉ። ፋይሉ ላይ አለ፣ ህጋዊ ነው፣ ግን የገበሬ አድራሻ ማለት ቤቱ ነው፣ ልጆቹ ያሉበት ነው፣ ከተማና ስቴት ይበቃል። ትንሽ የወሰዱ ሰዎችን ስም ማንሳት ለማንም አይጠቅምም፣ 900 ዶላር የወሰደ ሰውዬ ጋ ምንም ጉዳይ የለንም። ትልቅ ቁጥር ካላችሁ ደግሞ በመጀመሪያ ለብቻው ነው ወይስ ሸርክና፣ የስንት አመት ነው፣ የትኛው ፕሮግራም ነው የሚሉትን ሶስት ነገሮች ሳታጣሩ አትጻፉ፣ ከተቻለ ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ ሰዎቹ ቁጭ ብለው አስረድተውኛል።

እውነተኛ ማጭበርበር የሚመስል ነገር ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ የሌለ መሬት፣ ከሞተ ብዙ አመት የሆነው ሰው፣ ቴሌግራም ላይ ሳይሆን የዩኤስዲኤ ኢንስፔክተር ጄኔራል (የውስጥ መርማሪ) ሆትላይን ጋ ነው የሚሄደው፣ ስማችሁን ሳትናገሩ መጠቆም ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ያንኑ ዝርዝር ለራሳችሁ ተጠቀሙበት

ይሄን ያመጣሁት ብዙ ወንድሞችና እህቶች ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሚኒሶታም ትንሽ መሬት ተከራይተው ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ መዝራት ስለጀመሩ ነው። ካውንቲያችሁን ደረጃ 3 ላይ ስትከፍቱ ለትንሽ እርሻ የተከፈለ ምን አለ ብላችሁ እዩ። ኢኪውአይፒን የሚያስተዳድረው ኤንአርሲኤስ የሚባል ሌላ ክፍል ስለሆነ ለሱ እዛው ቢሮ መጠየቅ ይሻላል። ሃይ ተነል የሚሉት የፕላስቲክ ቤት በሱ በኩል ወጪው ይጋራል፣ እርሻ ከጀመረ 10 አመት ያልሞላው ሰው ከሌላው የበለጠ ድርሻ ይታሰብለታል፣ ግማሹንም ስራው ሳይጀመር አስቀድሞ መውሰድ የሚችልበት መንገድ አለ።

ለዚህ ሁሉ በሩ አንድ ነው። ዩኤስዲኤ ሰርቪስ ሴንተር ሂዱ፣ የኪራይ ውላችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ፋርም ነምበር እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ የዘራችሁትን በየአመቱ በወቅቱ አስመዝግቡ። ፋርም ነምበር ሳይኖር አብዛኛው ፕሮግራም አይጀመርም፣ ለማውጣት ደግሞ አይከፈልበትም። ቀጠሮ በስልክ ይያዛል፣ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ይኖር እንደሆነ ስትደውሉ ጠይቁ።